የቅቤ ማህተም ታሪክ

የቅቤ ማህተም የሠሪውን ማንነት፣ ክብደቱን ወይም ደረጃውን ለገዢ ለማሳወቅ በቅቤው፣ በመያዣው ወይም በመጠቅለያው ላይ የሚያርፍ ምልክት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ከእንጨት የተቀረጸው ዓይነት ዛሬ በቅርስ ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። ለንግዱ ታሪክ ግን በርሜል ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰው ይበልጣል።

የእንጨቱ ማህተም አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ ከኋላው እጀታ አለው። ሥዕሉ ወደ ውስጥ ስለሚፈለፈል ቅቤው ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ፊደል ካለበት ተገልብጦ ይቀረጻል። በብሪታንያ ሳይካሞር የተባለው እንጨት ይመረጥ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን ለቅቤውም ሽታና ጣዕም አይሰጥም። ላም፣ የስንዴ ነዶ፣ በስኮትላንድ ኮሸሽላ፣ በአሜሪካ ንስር በብዛት ይቀረጹ ነበር። ሌላው ዓይነት ደወል በሚመስል ቀፎ ውስጥ ማህተሙን የሚገፋ ዘንግ አለው። ቀፎው ግማሽ ወይም አንድ ፓውንድ (454 ግራም ገደማ) እንዲይዝ ሆኖ ስለሚሠራ መለካቱና ማተሙ በአንድ ጊዜ ያልቃሉ።

ቅቤው ከመታተሙ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦና ታሽቶ አሬራው መውጣት አለበት። የቀረ አሬራ ቅቤውን ቶሎ ያበላሻል፤ ሲጫንም እየወጣ ሥዕሉን ያደበዝዛል። ማህተሙ በፈላ ውሃ ይለቀለቅና በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃ የጠገበ እንጨት ቅቤ አይይዝም። ደረቁ ግን ይጣበቃል፣ የመጠጠውም ቅባት ውሎ አድሮ ይሸታል። ቅቤው ሲሞቅ መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ማህተሙን እሳት ዳር ማድረቅ ደግሞ ያጣምመዋል።

ሥዕሉ የሚያገለግለው ሠሪዋን ለሚያውቅ ገዢ ነው። ቅቤ በበርሜል ወደ ሩቅ ሲጓዝ ግን ድንጋይ መጨመር፣ መጥፎውን ከታች አድርጎ ጥሩውን ከላይ መደልደልና ክብደት ማጭበርበር ተለመደ። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1662 ባወጣው ሕግ ትልቁ በርሜል 112፣ ትንሹ 56 ፓውንድ የተጣራ ቅቤ እንዲይዝ፣ የሠሪው ስምም በእሳት እንዲተኮስበት አዘዘ።

የአየርላንዷ ኮርክ ከዚህ አልፋ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1769 የተመሠረተው የነጋዴዎች ኮሚቴ እያንዳንዱን በርሜል አስመዝኖ፣ መርማሪ በመሰርሰሪያ ከውስጡ ናሙና እንዲያወጣ አድርጎ ደረጃውን በርሜሉ ላይ ያስመታ ነበር። የትኛው መርማሪ የማንን ቅቤ እንደሚያይ በዕጣ ይወሰን ስለነበር ጉቦ መስጠት አስቸጋሪ ሆነ። የማህተሙ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱን ማንም ሊያግል ይችላል። ጨው የበዛበት የኮርክ ቅቤ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ተሽጧል። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1924 ተዘጋ።

የብሪታንያን ገበያ የወሰዱት ዴንማርኮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው የስዊድናዊው መሐንዲስ ደ ላቫል ክሬም መለያ ማሽንና በ1882 የዲንግ በተባለች የዴንማርክ መንደር የተጀመረው የገበሬዎች ማኅበር ወተት ማቀነባበሪያ ወጥ ጥራት አስገኙ። እ.ኤ.አ. በ1901 «ሉር» የተባለውን የነሐስ ዘመን መለከት የጋራ ምልክታቸው አድርገው አስመዘገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ለውጭ ገበያ በሚላክ ቅቤ ላይ ግዴታ ሆነ። ምልክቱ በበርሜሉ ጣውላ ላይ ከማቀነባበሪያው ቁጥር ጋር ይተኮስ ነበር፤ የቅቤው ውሃ ከ16 በመቶ እንዳይበልጥም ተደነገገ። «ሉርፓክ» የተባለው የንግድ ስም እ.ኤ.አ. በ1957 ከዚሁ ወጣ።

ማርጋሪን እ.ኤ.አ. በ1869 ፈረንሳይ ውስጥ ከተፈለሰፈ በኋላ ምልክቱ ሌላም ሥራ አገኘ፦ ቅቤን ከአስመሳዩ መለየት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 በማርጋሪን ላይ በፓውንድ 2 ሳንቲም ግብር ጥላ ማሸጊያው ምልክት እንዲደረግበት በሕግ አስገደደች።

በርሜሉን የተካው ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት ነው። በአሜሪካ የሚኔሶታ ግዛት የቅቤ አምራች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1924 «ላንድ ኦ ሌክስ» የሚለውን ስም በውድድር መርጠው በትናንሽ እሽጎች ላይ አተሙት። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት የቅቤ መጠቅለያ ላይ ያለው ሞላላ ምልክት የአገሩን ኮድና የፋብሪካውን የፈቃድ ቁጥር ይይዛል፤ ሥራው ዴንማርኮች በጣውላ ላይ ይተኩሱት ከነበረው ቁጥር ጋር አንድ ነው።