የ«ሌይላ» አልበም አቀራረጽ

«ሌይላ ኤንድ አዘር አሶርትድ ላቭ ሶንግስ» ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 ያወጣው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ሲሆን፣ የተቀረጸውም በዚያው ዓመት ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ በፍሎሪዳ፣ ማያሚ በሚገኘው ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ነው። ዛሬ ከብሉዝ ሮክ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ቢጠቀስም፣ ሲወጣ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ እንኳ አልገባም።

የባንዱ አባላት እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን እንዲሁም አሜሪካውያኑ ቦቢ ዊትሎክ (ኪቦርድ)፣ ካርል ራድል (ቤዝ) እና ጂም ጎርደን (ድራም) ነበሩ። ክላፕተን በገነነው ስሙ መታወቅ ስላልፈለገ በአልበሙ የፊት ሽፋን ላይ የአንዲት ሴት ሥዕል ብቻ እንጂ የማንም ስም አልሰፈረም።

አልበሙን አሁን የምናውቀውን መልክ ያስያዘው ግን አምስተኛው ሰው፣ የኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጊታሪስት ዱዌን ኦልማን ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቶም ዳውድ ከኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጋርም ይሠራ ስለነበር፣ ኦገስት 26 ቀን በማያሚ ወዳቀረቡት ኮንሰርት ክላፕተንን ይዞት ሄደ። ዱዌን ኦልማን ሶሎ በመጫወት ላይ ሳለ ዓይኑን ገልጦ ክላፕተንን ከመድረኩ ግርጌ ሲያየው እጁ ቀጥ አለ፤ የባንዱ ሌላ ጊታሪስት ዲኪ ቤትስ ተቀብሎ ባይቀጥል ኖሮ ዘፈኑ በተቋረጠ ነበር። ያን ሌሊት ሁሉም ስቱዲዮ ገብተው እስኪነጋ አብረው ተጫወቱ፤ ኦልማንም በአብዛኞቹ ዘፈኖች ላይ ተሳተፈ። የመድኃኒት ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጥልቆ በክሮቹ ላይ ሲያንሸራትት የሚወጣው ድምፅ የሰው ሲቃ ይመስላል።

«ኪ ቱ ዘ ሃይዌይ» የተሰኘው የቆየ ብሉዝ የሥራውን መንፈስ በግልጽ ያሳያል። ሙዚቀኞቹ ከሌላ ክፍል ሲዘፈን ሰምተው ሳያስቡት ጀመሩት፤ ቴፑ የተከፈተው ከተጀመረ በኋላ በመሆኑ በአልበሙ ላይ ዘፈኑ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ በቀስ እየጎላ ይገባል።

ክላፕተን «ሌይላ» የተሰኘውን ዘፈን የጻፈው የጓደኛውን የጆርጅ ሃሪሰንን ባለቤት ፓቲ ቦይድን ወድዶ በሚሰቃይበት ጊዜ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው የፋርሱ ባለቅኔ ኒዛሚ ከጻፈው የሌይላና የመጅኑን ታሪክ ነው። ለብቻው ተቀርጾ ኋላ የተቀጠለው የፒያኖ ክፍል ሲያበቃ፣ ኦልማን በጊታሩ የወፍ ጩኸት ያሰማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዊትሎክ ለስላሳ ዘፈን ብቻ ነው፤ እርሱንም ሙዚቀኞቹ ማይክሮፎኑን ከበው ተቀምጠው ቀረጹት።