ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ «ዐሥር ሰዓት ብቻ» የሚባለው መንገድ

እናቴ ሰኔ ላይ ከቦሌ ማታ 4፡30 ተነስታ የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ጠዋት 2፡30 ገባች። በነጠላ ጫማ ነበር የወጣችው፤ እግሯ አብጦ ሽፍን ጫማዋ እምቢ ስላላት በፌስታል ይዛዋለች። «ለዐሥር ሰዓት መንገድ እንዲህ ይኮናል?» አለችኝ።

«ማታ ተነስቶ ጠዋት ከደረሰ ዐሥር ሰዓት ነው»

አይደለም። እሷ ደለስ ስትደርስ አዲስ አበባ ከቀኑ 9፡30 ሆኖ ነበር። በአየርም በምድርም ያሳለፈችው 17 ሰዓት ነው። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በሰኔ 7 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖች ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 8 ይሆናል። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ስለሆነ ዝም ብሎ መቀነስ ያሳስታል።

«አውሮፕላኑ ሲሄድ መሃል ላይ የሚያርፈው አንድ ነገር ተበላሽቶ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች አውሮፕላኑ ሲመለስ ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ አዲስ አበባ መግባቱን ሲሰሙ ጭራሽ ግራ ይጋባሉ። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚለየው የመነሻው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ የሞተሩም ግፊት ይደክማል። ስለዚህ ሙሉ ተሳፋሪና ጭነት ይዞ፣ ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ ከቦሌ መነሳት አይችልም። ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል፤ በተለያየ ጊዜ በሮም፣ በደብሊን፣ በሎሜ በኩል ተደርጓል። በማረፊያው ሰው የሚሳፈርበት ጊዜም አለ፤ ዋናው ጉዳይ ግን ነዳጁ ነው። የደለስ ከፍታ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ጋኑን ጢም አድርጎ ይነሳል።

«ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር ቶሎ ይደርሳል»

አንድ ጎረቤታችን ይህን ሲያስረዳ በእጁ ብርቱካን ሳይቀር ያዞራል። እንደሱ ቢሆን ከቦሌ ተነስቶ አንድ ሰዓት አየር ላይ ባለበት የቆመ ሄሊኮፕተር ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ደቡብ ሱዳን ምዕራባዊ ጫፍ አካባቢ ባረፈ ነበር። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲሄዱ ይጋፋል፣ ሲመለሱ ይገፋል።

«አጭሩ መንገድ በካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው ነው»

ማስመሪያው በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል ይወስዳል። ሉል ካላችሁ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥራችሁ እዩት፦ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ ስፔንን ይረግጥና አትላንቲክን ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ያቋርጣል። 11,500 ያልኩት የዚህን ክር ርዝመት ነው። አብራሪው ሁልጊዜ ክሩን አይከተልም። በ2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ሰማይዋ ሲዘጋ፣ ብዙ አውሮፕላኖች ዙሪያዋን መዞር ነበረባቸው።