አፍሪካ ማለት ምን ማለት ነው? «አልከቡላን»ን ፎርዋርድ ከማድረጋችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ለቤተሰቡ ግሩፕ የአህጉሪቱን ካርታ ላከ። ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «እውነተኛው ስማችን አልከቡላን ነው፤ የጥንት ኢትዮጵያውያንም የሚጠሩት በዚህ ነበር» ይላል። ስንት «አሜን» እንደወረደለት!

ይህን ቃል ግዕዙ አያውቀውም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ግዛቶቼ የሚላቸውን ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ አክሱም ይላል፣ ሕምያር ይላል፣ ሳባ፣ ቤጃ፣ ካሱ ይላል። አልከቡላን የሚል ግን የለበትም።

አፍሪካ የላቲን ስም ነው። ሮማውያን በካርቴጅ ዙሪያ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ የሚኖሩትን ሰዎች «አፍሪ» ይሏቸው ነበር፤ አንዱን ሰው ደግሞ «አፌር»። የእነሱ ምድር «አፍሪካ» ተባለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ሮም ካርቴጅን አፈራርሳ አካባቢውን ስትጠቀልል፣ ለአዲሱ ግዛቷ ያወጣችለት ስም ይኸው ነው። ያኔ አፍሪካ ሲባል ከሰሜን ቱኒዚያ ብዙም አይዘልም። ግሪኮች አህጉሩን የሚጠሩት «ሊቢያ» ብለው ነበር። ዓረቦች መጥተው የሮማውያኑን ስም «ኢፍሪቂያ» ሲሉትም የሚያወሩት ስለዚያው ስለ ቱኒዚያና ስለ ጎረቤቶቿ ነው። አህጉሩን በሙሉ እስኪሸፍን ስሙ ብዙ ተጉዟል።

«ስሙ የመጣው ከሮማዊው ጄኔራል ከስኪፒዮ አፍሪካኑስ ነው» የሚሉም አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውየው የካርቴጁን የጦር መሪ ሃኒባልን ዛማ ላይ በ202 ከክርስቶስ ልደት በፊት ስላሸነፈ ድል ባደረገበት ምድር ስም «አፍሪካኑስ» ተባለ። የእነሱ አባባል «ጎንደሬ» የሚባል ሰው ስለነበረ ከተማው ጎንደር ተባለ እንደማለት ነው።

ከአፋር ነው የሚለውም ከድምፅ መመሳሰል አያልፍም። ሮማውያን ስሙን ያነሱት ከካርቴጅ ደጃፍ ነው፤ አፋር የት፣ ቱኒዚያ የት!

«ፀሐያማ» ማለት ነው፣ «ብርድ የሌለበት» ማለት ነው የሚሉት ደግሞ ያረጁ የሊቃውንት ግምቶች ናቸው። የመጀመሪያው ከላቲን፣ ሁለተኛው ከግሪክ ቃል ጋር ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ሁለቱም ግምቶች ስሙ ከወጣ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይተው የመጡ ናቸው። በዚያ ላይ በአልጄሪያ ተራሮች በረዶ ይጥላል።

«አፍሪ»ስ ራሱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ምሁራኑ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ «ኢፍሪ» ከሚለው የሰሜን አፍሪካ ነባር ሕዝብ፣ የበርበር፣ ቃል ነው ይላሉ፤ ዋሻ ማለት ነው። ሌሎቹ የካርቴጅ ሰዎች ከሚናገሩት ከፊንቄ ቋንቋ «ዓፈር» ጋር ያያይዙታል። ትርጉሙ አቧራ፣ ትቢያ ነው። አዎ፣ የእኛ «አፈር» የዚያው ቃል ዘመድ ነው፤ ፊንቄም ግዕዝም ሴማዊ ናቸውና። እኔ የአፈሩ ወገን ቢረታ ደስ ይለኛል። ለአጎቴም የመለስኩለት እሱኑ ነው።