ከዝክሩ በፊት ደመወዙ

የሚካኤል ዝክር በደረሰ ሰሞን ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ቢቸና የነጋዴው እጅ አያጥርም። ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ካህናቱ ይጠራሉ፣ የቆሎ ተማሪውም ጠግቦ ይመለሳል። ደግ ባህል ነው፤ እንዲቀር የሚመኝ የለም። ግን በዚያው ሰሞን ወደ ነጋዴው መጋዘን ጎራ ብላችሁ ጫኝና አውራጁን «ደመወዝ ደረሰህ ወይ?» ብትሉት አንዳንዴ መልሱ ደስ አይልም። «ጋሼ ለበዓሉ ብዙ ወጪ አለበት። ትንሽ ታገሡኝ ብሎናል።»

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህችኑ ነገር ነው። ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ክርስቲያን ከስለቱም፣ ከዝክሩም፣ ከአሥራቱም በፊት የሠራተኛውን ደመወዝ መክፈል አለበት። ይህ ከተገለበጠ የሚመጸውተው በሰው ገንዘብ ነው።

ከባድ ቃል ነው የሚል ካለ መጽሐፈ ሲራክን ይግለጥ። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥረን የምንቀበለው ይህ መጽሐፍ በዚህ ጉዳይ አይለዝብም። ከድሆች ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ልጅን አባቱ እያየ እንደሚያርድ ነው ይላል። የሠራተኛውን ዋጋ የሚነፍግም ደም አፍሳሽ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ይህን የሚናገረው ለከሓዲ አይደለም። መባውን ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ ለሚሄድ ሰው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ላይ የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ የአጫጆቹም ድምፅ ወደ ጌታ ጆሮ እንደገባ ጽፏል። የእኛም ጸሎት የሚሄደው ወደዚያው ጆሮ ነው። አንዱ ሲጸልይ ሌላው ሲረግም እግዚአብሔር የማንን ድምፅ ይሰማል? ይህም ጥያቄ የሲራክ ነው፣ የእኔ አይደለም።

«አልነፈግሁም፣ አዘገየሁ እንጂ» የሚል ወንድም አይጠፋም። ኦሪት ግን ማዘግየትንም ለይታ ከልክላለች። ዘሌዋውያን 19፥13 የሞያተኛው ዋጋ አንተ ጋ አይደር ይላል። ዘዳግም 24 ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋጋውን ስጠው፣ ድሀ ነውና ነፍሱ በእርሱ ላይ ናት ይላል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። የቀን ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ መንገድ ላይ ካለው ሱቅ ግማሽ ኪሎ ሽሮና ትንሽ ዘይት ይገዛል። እናንተ ሦስት ቀን ካዘገያችሁት ሦስት ቀን በዱቤ ይወስዳል። ባለሱቁ በአራተኛው ቀን ፊቱን ያጠቁርበታል። ልጁ ከታመመችበት ደግሞ የሚበደረው በወለድ ነው። ለአሠሪው ያች ሦስት ቀን ምንም አይደለችም፤ ለሠራተኛው ግን ወሩን ሙሉ ትከተለዋለች።

በርበሬ በሚገባበት ሰሞን ቡሬ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሴቶቹ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፈው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ያስራሉ። ፊታቸው የተከመረውን በርበሬ አንድ በአንድ እያነሡ ጭራውን ይቀነጥሳሉ። ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ሳሉ አያቋርጥም። የምታጠባ እናት ጣቷ እየተለበለበ ልጇን ለማቀፍ ትቸገራለች። ውሃ ከሌለ ታጥባ ማጥባት አትችልም። ክፍያው በኪሎ ነው። ማታ የቀነጠሱት ሲመዘን ሚዛኑን የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደብተሩ ላይ የሚጽፈውም እሱው ነው። እዚህ ቦታ ላይ እግዚአብሔርን መፍራት ማለት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አይፈልግም። ሚዛኑን ወደ ሴቶቹ አዙሩት። ያንብቡት። ማንበብ የማትችል ካለች ጎረቤቷ ታንብብላት። አንድ በርሜል ውሃና አንድ ሳሙናም ለባለ መጋዘን የሚከብድ ወጪ አይደለም። በሩን መክፈት ደግሞ በነጻ ነው።

ስለ ሚዛን ካነሣሁ አይቀር፣ ዘዳግም 25 በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ይላል። ከገበሬው ሲገዙ አንድ ኪሎ፣ ለከተሜው ሲሸጡ ሌላ ኪሎ መሆኑ ነው። ከአፉ ላይ ነጭ ጤፍ፣ ከሥሩ ሰርገኛ የሆነ ኩንታልም ከዚያው ይቆጠራል። አሞጽ ስንዴውን ከነግርዱ የሚሸጡትን፣ ሰንበቱ መቼ አልፎ ገበያ እንከፍታለን እያሉ የሚቁነጠነጡትን ነጋዴዎች በምዕራፍ 8 ላይ ገሥጿል። ሰንበትን ያከብሩ ነበር እኮ! ልባቸው ግን መስፈሪያው ላይ ነበር። ይህን ሁላችንም ስለምናውቀው አልገፋበትም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ አሠሪዎች ሁሉ እኔ የምወደው ቦዔዝን ነው። መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2ን እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ አታንብቡት። ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲደርስ በመጀመሪያ የተናገረው «ምን ያህል አጨዳችሁ?» የሚል አይደለም። እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን አላቸው፤ እነርሱም እግዚአብሔር ይባርክህ ብለው መለሱለት። ባለቤቱ ነው ቀድሞ ሰላም ያለው። የምሳ ሰዓት ሲደርስም ለብቻው አልበላም። ከአጫጆቹ ጋር ተቀመጠ፤ ለሩትም በእጁ ቆሎ አቀበላት፣ በልታ ተርፏት እስክትወስድ ድረስ።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚገርመኝ ለወንዶቹ የሰጠው ትእዛዝ ነው። ማንም እንዳይነካት ብሎ አዘዘ። ሩት መጻተኛ ናት፣ ባሏ የሞተባት ናት፣ የሚቆምላት ወንድም የላት። እሷ አቤት እስክትል አልጠበቀም። አሁን ወደ ሆቴሎቻችንና ወደ ግሮሰሪዎቻችን እንምጣ። ከገጠር የመጣች የ18 ዓመት ልጅ አስተናጋጅ ሆና ትቀጠራለች። አንዱ ሞቅ ያለው ደንበኛ እጇን ይይዛታል። ወደ ቤቱ ባለንብረት ስትሄድ የምትሰማው «ቻይው፣ ጥሩ ሂሳብ የሚከፍል ሰው ነው» የሚል ነው። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። ወገኖቼ፣ ያን ሰው ሂሳቡን ከፍሎ እንዲወጣ መንገር ከብዙ ስግደት ይልቃል ብዬ አምናለሁ። አንድ ደንበኛ ሊቀር ይችላል። ይቅር።

ዕረፍትን በተመለከተ ደግሞ ዘዳግም 5፥14 ሰንበትን ሲያዝ ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ። እናንተ ቅዳሴ ቆማችሁ ሱቁን የሚጠብቀው ልጅ መቼ ይቀድሳል? የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት ያዛል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በዕረፍት ቀን ለሠራ ሰው በእጥፍ ይከፈላል። የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን አዋጁ ለሌላ ደንብ ነው የተወው። ኦሪት አልተወችውም። ገረድህ ብላ ጠርታታለች። ከሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ ማታ 4 ሰዓት የምትቆመው ልጅ በቀደሙት አባቶች ሕግ ውስጥ ስሟ አለ። ሙስሊም ሠራተኛ ያላችሁም ለጁምዓ ሰዓቱን ስጡት፤ ከዕረፍቱ አትቀንሱበት።

ጡረታ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው እንደ ኃጢአት ስለማይቆጥረው። ሕጉ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል ይላል። አንዳንዱ 7ቱን በየወሩ ይቆርጣል፣ ግን ገቢ አያደርግም። በመሐል ዕቃ ይገዛበታል፣ ያገላብጠዋል። ሠራተኛው የሚያውቀው ሲያረጅ ወይም ሥራ ሲለቅ ነው። ይህ መዘግየት አይባልም። ስርቆት ነው።

«ገበያው ቀዝቅዟል፣ መንገዱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ ከየት አምጥቼ?» የሚለውን እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ጎጃም ውስጥ በዚህ ዘመን ንግድ ማካሄድ ቀላል አይደለም። ኪሳራ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎድለው ከማን ሳህን ነው የሚለው ነው። ነህምያ ምዕራፍ 5ን አንብቡ። ነህምያ የይሁዳ ገዥ ነበርና ለገዥ የሚገባው ቀለብ ነበረው፤ ሕዝቡ ላይ ሸክሙ ስለከበደ ግን አልወሰደም። መብቱን ነው የተወው። እንግዲህ ገቢ ሲቀንስ ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ ሂሳቡን ንገሯቸው። ከእናንተ ቤት ምን እንደቀነሳችሁ አብራችሁ ንገሩ። የአገራችን ሰው እውነቱን ከነገሩት ይታገሣል። የማይታገሠው አሠሪው «ገንዘብ የለም» ብሎ በማግስቱ ለልጁ ልደት ድንኳን ሲያስጥል ነው።

«ሠራተኛውስ? እሱም እኮ ይሰርቃል፣ ይለግማል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ለእሱም ለጌታህ ታዘዝ የሚል የተጻፈ ቃል አለ፣ ቆላስይስ 3፥22 ላይ። ይህን ጥቅስ አሠሪዎች በቃላቸው ያውቁታል። ምዕራፍ 4 ቁጥር 1ን ግን ይዘሉታል። እዚያ ላይ ሐዋርያው ጌቶችን፣ እናንተም በሰማይ ጌታ አላችሁና ለአገልጋዮቻችሁ ቅንና ትክክለኛ የሆነውን አድርጉ ይላቸዋል። የሚሰርቅ ሠራተኛ ካለ በማስረጃ አነጋግሩት፣ ሕጉ በሚለው መንገድ አሰናብቱት። የሠራበትን ግን አትያዙበት።

የቀድሞ ዕዳስ? ሳይከፈላቸው የሄዱ፣ ተጣልተው የወጡ፣ ጉድለት ተብሎ ያለ አግባብ የተቆረጠባቸው ሰዎች በየመጋዘኑ ታሪክ ውስጥ አሉ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ ያ የራሱ የደስታ ስጦታ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ 5 ግን ዝቅተኛውን ልክ አስቀምጧል፤ የወሰደውን ሙሉ ዋጋ፣ በላዩም አምስተኛ እጅ። ያስቀራችሁበት 2,000 ብር ከሆነ 2,400 ትመልሳላችሁ ማለት ነው። ሰውየው ሞቶ እንደሆነ ለቅርብ ዘመዱ ይሰጣል፤ ዘመድ ከሌለው ወደ ካህኑ ይሄዳል። ስለዚህ የድሮ ደብተራችሁን አውጡና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቁጭ በሉ። የሰውየው ስልክ ከጠፋባችሁ መናኸሪያ ያሉትን ጫኝና አውራጆች ጠይቁ፤ ማን የት እንደገባ እነሱ ያውቃሉ።