ስለ ማሪያ ዳፓሬሲዳ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የማሪያ ዳፓሬሲዳ ስም ሲነሣ ታሪኳ እንደ ተአምር ነው የሚተረከው፤ የሳምባ ጭፈራ አገር የብራዚል ልጅ፣ ከየት መጣች ሳትባል ድንገት ፓሪስ ላይ «ካርመን» የተሰኘውን ኦፔራ (በዘፈን የሚተረክ ቲያትር) ዘፍና ሰውን ያስደነቀች። ሪዮ ዴ ጄኔሮ የተወለደችው ይህች ጥቁር ሜዞ ሶፕራኖ (ባጭሩ ሜዞ፤ ከሴቶች ከፍተኛ ድምፅ ከሶፕራኖ ዝቅ የሚል መካከለኛ ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ግን ተአምር አልነበረችም። የተማረች፣ የለፋች፣ በአገሯ በር የተዘጋባት ባለሙያ ነበረች። ተአምር ስንላት ልፋቷንም፣ በሩን የዘጉባትንም ሰዎች አብረን እንረሳለን። ስለዚህ አባባሎቹን አንድ በአንድ ላንሣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

«ብራዚል የእግር ኳስና የሳምባ አገር ናት፤ ኦፔራ ከየት መጥቶ?»

ከሁሉ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ከእውነት እጅግ የራቀውም ይኸው ነው። በብራዚሏ ካምፒናስ ከተማ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ካርሎስ ጎሜዝ «ኢል ጉዋራኒ» የተሰኘ ኦፔራውን በ1870 ሚላን ውስጥ፣ በታዋቂው ላ ስካላ መድረክ አሳይቶ ተጨብጭቦለታል። አርቱሮ ቶስካኒኒን የክላሲካል ሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የኦርኬስትራ መሪነቱ የጀመረው ግን በአገሩ ጣሊያን አይደለም። በ1886 ከአንድ ተጓዥ የጣሊያን ቡድን ጋር ሪዮ የሄደ የ19 ዓመት ቼሎ ተጫዋች ነበር። አንድ ምሽት ተመልካቹ በጩኸት መሪዎቹን አላሠራ ሲል ባልደረቦቹ ወጣቱን ገፋፍተው አስነሡት፤ እሱም ሙሉውን «አይዳ» ኖታ ሳያይ በቃሉ መራው። የዚያ ኦፔራ ባለታሪክ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ እኔ ይህን ምሽት ሳስበው ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ በዚህም ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን፣ በአማዞን ጫካ መሀል በምትገኘው ማናውስ ከጎማ ንግድ በተገኘ ሀብት የተሠራው ቲያትር በ1896 ተከፈተ። የሪዮ የከተማ ቲያትር በ1909፣ የሳኦ ፓውሎው ደግሞ በ1911 ሥራ ጀመሩ። ማሪያ ያደገችው ኦፔራ ብርቅ በሆነበት ከተማ አልነበረም።

«ሜዞ ሶፕራኖ ማለት ከፍ ማለት ያቃታት ሶፕራኖ ናት»

ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። የድምፅ ዓይነት የሚለየው አንዲት ዘፋኝ በአንድ ምሽት ምን ያህል ከፍ አለች በሚለው አይደለም። ድምፁ ሳይጨነቅ ረጅም ሰዓት የሚያርፍበት ቦታ የት ነው? ቀለሙስ ምን ይመስላል? ብዙ ሜዞዎች የሶፕራኖን ከፍተኛ ኖታ ይነካሉ፤ ሙሉ ምሽት እዚያ ላይ መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። የሜዞ ሀብት መሀሉና ታችኛው ክፍል ነው፤ ሞላ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ሙቀት ያለው። በዚያው በ«አይዳ» የፈርዖኑን ልጅ አምኔሪስን የምትዘፍነው ሜዞ ናት። በአራተኛው ድርጊት ካህናቱ በምትወደው ሰው ላይ ሲፈርዱ ውጭ ቆማ የምትሰማበትን ትዕይንት የሰማ ሰው፣ ሜዞን ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ለመጥራት አፉ አይፈታለትም።

«ማይክሮፎን ደብቀውላት ነው»

በኦፔራ ቤት ልማዱ ያለ ማይክሮፎን መዝፈን ነው። የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ በ3,000 ኸርዝ (በሰከንድ 3,000 ንዝረት) አካባቢ ጉልበቱን ያከማቻል፤ የኦርኬስትራው ድምፅ ደግሞ እዚያ ላይ ይሳሳል። በዚያ ክፍተት ነው ድምፁ አልፎ የኋለኛው ወንበር የሚደርሰው። ይህ የዓመታት ሥልጠና ውጤት ነው።

«የመጀመሪያዋ ጥቁር ብራዚላዊት የኦፔራ ዘፋኝ እሷ ናት»

ማሪያን ለማክበር ተብሎ ይነገራል፤ ግን ሌላዋን ይሰርዛል። ከእሷ ከ150 ዓመት በላይ ቀድማ ዦአኪና ላፒኛ የምትባል ብራዚላዊት ሪዮ ላይ ዘፍና፣ በ1790ዎቹ ባሕር ተሻግራ በፖርቱጋል መድረኮች ታይታለች። ስዊድናዊው ተጓዥ ካርል ሩደርስ ጥቁረቷን እንደ ጉድለት ቆጥሮ በመዋቢያ እንደሚሸፈን ጽፏል። ባርነት በብራዚል በሕግ የተሻረው በ1888 ነው፤ ሕጉ ቢሻርም በመድረክ ላይ ያለው ዓይን ወዲያው አልተለወጠም። «ችሎታ ካላት አገሯ ራሱ በተቀበላት ነበር» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው። ማሪያ ድምፅዋ እየተወደደ ቀለሟ እንቅፋት ስለሆነባት ነው ፓሪስ የሄደችው።

«ካርመን ስፔናዊት ናት፤ ለጥቁር ብራዚላዊት ምኗ ነው?»

በመጀመሪያ ካርመን በታሪኩ ውስጥ ሮማ ከሚባለው (በተለምዶ ጂፕሲ ከሚሉት) ሕዝብ የተወለደች ናት፤ በራሷ በሴቪያ ከተማም እንደ ባዕድ የምትታይ። ሙዚቃውን የደረሰው ቢዜ ደግሞ ፈረንሳዊ ነው። ሁሉም የሚያንጎራጉረው የመግቢያ ዘፈኗስ? ቢዜ የሕዝብ ዜማ መስሎት የወሰደው፣ በእርግጥ ሴባስቲያን ይራዲየር የሚባል ስፔናዊ የደረሰው ነበር። ምቱ ሐባኔራ ይባላል፤ ስሙም ከኩባዋ ሐቫና የመጣ ነው፤ በካሪቢያን አፍሪካውያን እጅ ያለፈ ምት ነው። ማሪያ በ1960ዎቹ በፓሪስ ኦፔራ ይህን ስትዘፍን ከሰው ቤት የተዋሰችው ነገር አልነበረም።

ደግሞም ካርመን ከጅምሩ የሜዞ ሚና ናት። በ1875 ኦፔራው ሲከፈት የዘፈነችው ሜዞዋ ሴሌስቲን ጋሊ ማሪዬ ናት። ተመልካቹ ያን ጊዜ ቀዝቅዞ ተቀበለው፤ ቢዜም ከሦስት ወር በኋላ በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራው ዓለምን ሲዞር አላየም።

«ከመኪና አደጋው በኋላ ወደ ቀላል ዘፈን ወረደች»

በ1970ዎቹ የደረሰባት አደጋ የኦፔራ ሕይወቷን መግታቱ እውነት ነው። «ወረደች» የሚለው ግን ውሸት ነው። በ1977 ከታላቁ ጊታሪስት ባደን ፓውል ጋር አልበም አወጣች። በባደን ሙዚቃ ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጡት የዮሩባ ሕዝቦች የአምልኮ ዜማ አለ። እዚያ ላይ ሰፊውን የቲያትር ድምፅ ሰብስቦ ከአንድ ጊታር ጎን ማስቀመጥ ኦፔራ ከመዝፈን የሚያንስ ጥበብ አይደለም።

«ያን ያህል የታወቀች ሰው እንዴት ትረሳለች?»

በሐምሌ 2017 ፓሪስ ውስጥ አረፈች። ሠዓሊው ፌሊክስ ላቢስ መልኳን በሸራ ያስቀረላት፣ በፓሪስ ኦፔራ የተጨበጨበላት ሴት፣ አስከሬኗ የሚረከበው ዘመድ ሳይገኝ ለሳምንታት በሬሳ ማቆያ ቆየ።