የእግር እብጠትና የጤና መድን አባልነት በጎጃም

ጎጃም ተወልዶ እግሩ ያበጠ ሰው ሳያይ ያደገ የለም። ገበያ ላይ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አለ፣ ጎረቤትም አለ። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ ባንድ ቦታ የተጻፈ ነገር ግን እምብዛም ስለማይገኝ እዚህ ላይ ያለውን ሰብሰብ አድርገነዋል።

እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣት ጫን አድርገው ሲለቁት ስርጉድ ብሎ ከቀረ፣ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ማለት ነው። መነሻው ልብ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ራሷን ካመማትና ዓይኗ ብዥ ካለባት ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል እሱም ጊዜ አይሰጥም። ትንፋሽ የሚያሳጥር እብጠትም እንደዚያው።

ጎጃምን ስሟን ያስነሳት ግን ሌላው ዓይነት ነው፤ ሕዝቡ ዝሆኔ፣ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት። ከትንኝ ጋር አይገናኝም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በደጋውና በወይና ደጋው ዝናባማ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የኖረ ሰው የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግሩ ቆዳ በኩል ይገባበታል። ብናኙ የሊምፍ ቧንቧዎችን (ከሥጋ ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወጡትን) ይጎዳል፣ ፈሳሹም መውጫ ያጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ነው ይህን ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ለዓለም ያሳወቀው። እብጠቱ ከእግር መዳፍ ይጀምራል፣ ሁለቱም እግር ላይ ይወጣል (እኩል ባይሆንም)፣ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በላይ አያልፍም። መጀመሪያ ላይ ሌሊት ተኝቶ ሲነጋ ይጎድላል፤ ችላ ከተባለ ይጠነክራል። አንድ ቤት አድጎ፣ አንድ ማሳ አርሶ አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይድናል ለሚለው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የዘር ተጋላጭነት እንዳለ አሳይቷል። ርግማን ነው፣ ድግምት ረግጦ ነው የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። ስንት ትዳር አስቀርቷል መሰላችሁ።

ድሮ ስንት ሰው ይታመም እንደነበር በቁጥር የተያዘ ነገር ብዙም የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው እንዳለባቸው አሳየ። ከመቶ ሦስት ሰው በላይ ማለት ነው፤ ትልቅ ደብር ላይ ለንግሥ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት።

ከዚያ የመጣው ጥናት ነው ጎጃምን በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ያወጣት። በ2007 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ወዲያው እንክብካቤ ጀመረ፤ ሌላው ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምር ተደረገ። የተለካው የሕመሙ መነሳት ነው። ሲነሳ ሰውየው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ለቀናት ከመኝታ አይነሳም። በእርሻ ወቅት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። ውጤቱ ሲሰላ እንክብካቤ ያላገኙት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሳባቸው፣ ያገኙት 19.4 ጊዜ ነበር። ወደ 19 በመቶ ቅናሽ ነው። ጠፋ አይባልም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሳሙናና ውኃ ሆኖ ይህን ያህል መቀነሱ በእኛ ግምት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ደግሞም ማስረጃው የወጣው ከዚህ ከራሳችን ቀበሌዎች ነው።

እንክብካቤው እንዲህ ነው። ሳፋ ላይ ውኃ ይደረጋል፣ እግር በሳሙና ይታጠባል። በተለይ የጣቶች መሐልና የቆዳው እጥፋት፣ ቆሻሻም ጀርምም የሚደበቀው እዚያ ነው። ቀጥሎ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ይዘፈዘፋል። በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ ተደርጎ ይደርቃል፤ ማሸት አይገባም፣ ቆዳው ይላጣል። በመጨረሻ ቫዝሊን ይቀባል። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና የተዘጋ ጫማ ማድረግ ይከተላል። በረባሶ ከምንም ይሻላል እንጂ አፈሩን አያስቀርም። ይህ ሁሉ በየቀኑ ነው፣ ዕድሜ ልክ።

የጤና መድን አባልነቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የኛዋ ደቡብ አቸፈር ነበረች። ሰው አዋጥቶ ሲታመም የሚታከምበት ነው፤ አባሉ ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፤ አዝመራ ገብቶ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ይሰበሰባል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል። እድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም።

የአባልነት ካርድ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያው ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ሪፈር ሳይዝ የሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ለእብጠት ሕመምተኛ ይህ አሠራር ተስማሚ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ሕመሙ አንዴ ታይቶ የሚያበቃ አይደለም። በልብ ድካም ያበጠ ሰው ፉሮሴማይድ (ትርፍ ውኃን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) ከተጀመረለት ደም ግፊቱን፣ ክብደቱንና ኩላሊቱን ማስለካት ይኖርበታል። ካርዱ ካለው ኪሱን ሳይዳብስ ይመላለሳል። ከሌለው የቤቱ ሰው ዶሮው ይሸጥ በጉ ሲማከር ሳምንት ያልፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ በነፃ ናቸው፤ እጥበቱን ቤት ድረስ ሄደው ማሳየት የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ቅሬታም አለ። መድኃኒት የለም፣ ከግል ፋርማሲ ግዛ የተባለ አባል መዋጮዬ ምን ሆነ ቢል አይፈረድበትም። ወረፋውም ረጅም ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት የመድኃኒት አቅርቦቱንም የጤና ተቋማቱን ሥራም አስተጓጉሏል። ጸበል የሚሄዱም ብዙ ናቸው፤ ጸበሉንና እጥበቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፣ በባዶ እግር መመላለሱ ብቻ ይቅር።

ካርዱ የማይነካው ሌላ ነገር ጫማና ሳሙና ነው። ያበጠ እግር ሱቅ ያለ ጫማ አይገባውም፤ በልኩ መሠራት አለበት። በዚህ በኩል የዓለም አቀፍ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅትን የመሰሉ ተቋማት በጎጃም ሲሠሩ ቆይተዋል። እነሱ ያልደረሱበት ቀበሌ ታካሚው ሳሙናውንም ቫዝሊኑንም ከኪሱ ይገዛል፣ ለጫማው ደግሞ በልክ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል።