ያልነደደ ከሰል ዋጋ፦ የኢነርጂ አገልግሎት ውል እና የሕንፃ ባለቤቶች

የኢነርጂ አገልግሎት ውል የሕንፃ ባለቤት በኢነርጂ ቁጠባ ሥራ ከተሰማራ ኩባንያ ጋር የሚፈራረመው ስምምነት ነው። ኩባንያው አሮጌውን ቦይለር (የማሞቂያ ማሽን)፣ ቺለር (የማቀዝቀዣ ማሽን)፣ አምፖልና መቆጣጠሪያ ያድሳል ወይም ይለውጣል፤ ዋጋውን የሚያገኘው ደግሞ ከዚያ በኋላ ከሚቀንሰው የመብራትና የነዳጅ ወጪ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ኩባንያ በሙያው ሰዎች ዘንድ ኢስኮ ይባላል። ተራ ተቋራጭ ዕቃውን ገጥሞ፣ ርክክብ ፈርሞ ይሄዳል። ኢስኮ ግን ቆጣሪው ቃል በገባው ልክ ካልቀነሰ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አሠራሩ በብዛት የተሰነደው በአሜሪካ በመሆኑ ጽሑፉም ወደዚያው ያደላል፤ በተለይ ኒው ዮርክ ላይ ይበዛል።

አሠራሩ

ሥራው የሚጀምረው በኦዲት ነው። መሐንዲሱ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ቢል ይጠይቅና መጀመሪያ ወደ ምድር ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ጣሪያ ይወጣል። የሎቢው እምነ በረድ ጉዳዩ አይደለም። የሚፈልገው ቴርሞስታቱ ላይ ካርቶን የተለጠፈበትን፣ ራዲያተሩ እየጋለ መስኮቱ ወለል ብሎ የተከፈተበትን፣ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲታገሉ የሚውሉበትን ቢሮ ነው። በጥገና ሥራ ላይ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል። ጥሩ ኦዲተርም ከመሣሪያው በፊት የሕንፃውን ጥገና ሠራተኛ ያነጋግራል።

ከኦዲቱ የሚወጣው ዋናው ነገር መነሻ ፍጆታ ነው፤ እድሳቱ ባይደረግ ሕንፃው ምን ያህል ይፈጅ እንደነበር የሚያሳይ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚፈርሙበት ቁጥር። የውሉ ሁሉ ጠብና ሰላም እዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ለመብራትና ለነዳጅ በዓመት 6 ሚሊዮን ብር የሚከፍል ሕንፃ አለ እንበል። እድሳቱ 5 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፤ ወጪውን በዓመት 1.5 ሚሊዮን ይቀንሳል። ቁጠባውን በመጋራት በሚሠራው ውል ገንዘቡን ኢስኮው ያመጣል፤ ከሚተርፈው 80 በመቶውን ማለትም 1.2 ሚሊዮኑን ይወስዳል፤ 300 ሺው ለባለቤቱ ይቀራል። ወለድና ትርፍ ሲታሰብ ውሉ ስድስት ሰባት ዓመት ሊሄድ ይችላል። ሲያበቃ መሣሪያውም 1.5 ሚሊዮኑም የባለቤቱ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ዋስትና ያለው ቁጠባ ይባላል። በዚህኛው ከባንክ የሚበደረው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ኢስኮው ዋስትና የሚሰጠው ለቁጠባው መጠን ብቻ ነው። 1.5 ሚሊዮን ብሎ 1.2 ሚሊዮን ብቻ ቢተርፍ 300 ሺውን ይሞላል። የትኛው ይሻላል የሚለው ብዙ ያከራክራል። ባንክ የሚያምነው ባለቤት ሁለተኛውን ቢመርጥ ወለዱ ይቀልለዋል፤ ካዝናው ባዶ የሆነ ሰው ግን ከመጀመሪያው ሌላ አማራጭ የለውም።

ከዋት እስከ ነዳጅ ቀውስ

ሐሳቡ ከስሙ ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን በእንግሊዝ ኮርንዎል የማዕድን ጉድጓዶች ላይ የእንፋሎት ሞተራቸውን ሲተክሉ ክፍያቸውን የተመኑት በብረቱ ዋጋ አልነበረም። አሮጌው የኒውኮመን ሞተር ያንኑ ውሃ ለመሳብ ይፈጀው ከነበረው የድንጋይ ከሰል አዲሱ ያተረፈው ይሰላል፤ የዚያን ዋጋ አንድ ሦስተኛ እነሱ ይወስዳሉ። ኮርንዎል የራሷ ከሰል ስለሌላት ከዌልስ በመርከብ ታስመጣ ነበር፤ ስለዚህ ያተረፉት ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚመዘግብ ቆጣሪም በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አድርገው ሞተሩ ላይ ገጠሙ። የዛሬው የኢስኮ ቆጣሪ የልጅ ልጁ ነው ማለት ይቻላል።

ጠቡም ያኔ ተጀመረ። የጉድጓዱ ባለቤቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በደስታ ከፈሉ። ኋላ ግን አሮጌው ሞተር ከትዝታ ሲጠፋ፣ ላልነደደ ከሰል በየጊዜው መክፈል ግፍ መስሎ ታያቸው። አንዳንዶቹ መክፈል አቆሙ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1799 ለዋት ወገን ተፈረደ። በቀጣዩ ዓመት የፈጠራ መብቱ ዘመን አበቃ።

ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም ዘመን የሚጠቀሰው የፈረንሳይ ልምድ ነው፤ የማሞቂያ ኩባንያዎች ነዳጅ ከመሸጥ አልፈው የተወሰነ የክፍል ሙቀት በተወሰነ ዋጋ ለማቅረብ ይዋዋሉ ነበር።

ዘመናዊው ኢስኮ የ1973 እና የ1979 የነዳጅ ቀውስ ልጅ ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ሕንፃዎች ቢላቸው ሲያሻቅብ፣ «እኛ እናድሰው፣ ከሚተርፈው እንካፈል» የሚሉ ኩባንያዎች በዙ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ግን ብዙዎቹ ተጎዱ። የተረፈው ጋሎን ያው ቢሆንም የዶላሩ መጠን አነሰ። ዛሬ ብዙ ውሎች የኪሎዋት ሰዓቱን መጠን አስቀድመው የሚያስሩት፣ ዋጋውንም በስምምነት የሚወስኑት ያ ትምህርት ስላለ ነው። በ1992 የወጣው የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እስከ 25 ዓመት የሚዘልቅ ውል እንዲዋዋሉ ፈቀደ። ፈቃዱ በ2003 መውጫ ጊዜው አልፎበት አንድ ዓመት ያህል ሥራ ቆሞ ነበር፤ በ2007 ቋሚ ተደረገ።

ኢምፓየር ስቴት

ከሁሉ የበለጠ የተጻፈለት ሥራ በ1931 የተከፈተው ባለ 102 ፎቁ የኒው ዮርክ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ እድሳት ነው። በ2009 ይፋ ሲደረግ ባለቤቶቹ፣ የክሊንተን የአየር ንብረት ተነሳሽነት፣ የጥናት ተቋሙ ሮኪ ማውንቴን ኢንስቲትዩት፣ የሕንፃ አስተዳደር ኩባንያው ጆንስ ላንግ ላሳልና ኢስኮው ጆንሰን ኮንትሮልስ አብረው ነበሩ። ከ60 በላይ ሐሳቦች ተመዝነው ስምንት ቀሩ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ የሕንፃውን ፍጆታ በ38 በመቶ እንደሚቀንሱ ተሰላ። ለኢነርጂው ሥራ ብቻ የተጨመረው ወጪ 13.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በዓመት 4.4 ሚሊዮን ዶላር ይተርፋል ተባለ።

ሥራው የሚማርከው በመስኮቶቹ ነው። 6,500 ያህል መስኮቶች ነበሩ፤ መጣል፣ አዲስ ማዘዝና በከተማው መሃል ማጓጓዝ ብዙ ያስወጣል። በዚያ ፈንታ 5ኛ ፎቅ ላይ ወርክሾፕ ተከፈተ። መስኮቶቹ ማታ ማታ እየወለቁ ወረዱ፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ስስ ፊልም ተወጠረ፣ ክፍተቱ በጋዝ ተሞላ፣ ተመልሰውም ተገጠሙ። ጠዋት የሚገባው ተከራይ መስኮቱ አድሮ የት እንደዋለ አያውቅም። ከመስታወቱ 96 በመቶው ያው የድሮው ነው። ከራዲያተሮቹ ጀርባም ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚመልስ መከለያ ገባ፤ ቀድሞ ከሙቀቱ ብዙው በግድግዳው በኩል ኒው ዮርክን ያሞቅ ነበር።

ለሙያው ሰው ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ባለቤቶቹ ያረጁትን ቺለሮች አውጥተው በአዲስ ሊተኩ አስበው ነበር። መስኮቱ፣ መከለያውና መብራቱ ሲስተካከል ግን የማቀዝቀዝ ፍላጎቱ በአንድ ሦስተኛ ስለወረደ አሮጌዎቹን እዚያው ማደስ በቃ፤ በዚህ ብቻ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሳይወጣ ቀረ። መጀመሪያ ፍላጎቱን ቀንስ፣ ከዚያ ማሽኑን ግዛ። ማሽን ሻጮች ይህን ሲሉ ብዙም አይሰማም።

ጆንሰን ኮንትሮልስ የገባው ውል 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ለ15 ዓመት የቁጠባ ዋስትና ነበረው። የመጀመሪያው ዓመት ቁጠባ ከዋስትናው በ5 በመቶ በለጠ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የተረፈው 7.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። እርግጥ ከ38ቱ በመቶ የተወሰነው በተከራዮች እጅ ነው፤ በየቢሯቸው ያለውን መብራትና ኮምፒዩተር ባለቤቱ እንደፈለገ አያጠፋውም። ከዚህ የሚመጣው ችግር በየአገሩ ያለ ነው፦ እድሳቱን የሚከፍለው አከራይ ነው፣ ቢሉ የሚቀልለት ደግሞ ተከራይ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በ2019 ያወጣው ሕግ ቁጥር 97 ከ25 ሺህ ስኩዌር ጫማ በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች ከ2024 ጀምሮ የብክለት ጣሪያ አስቀምጦ፣ ያለፈውን ስለሚቀጣ አከራዮች ነገሩን ቸል እንዳይሉ አድርጓል።

የሌለን ነገር መለካት

ቁጠባ ቆጣሪ ላይ አይታይም። የሚታየው የተፈጀው ብቻ ነው፤ የተረፈው ባይታደስ ይፈጅ ከነበረው ላይ ተቀንሶ የሚገኝ ስሌት ነው። ክረምቱ ሞቃት ከሆነ፣ አንድ ፎቅ ባዶ ከቀረ፣ ወይም አዲስ ሰርቨር ክፍል ከተከፈተ መነሻው መስተካከል አለበት። ለዚህ በ1997 ዓለም አቀፍ የልኬትና ማረጋገጫ ፕሮቶኮል ወጣ። አራት መንገዶች አሉት። ሁለቱ የታደሰውን መሣሪያ ለብቻው ይለካሉ፤ ሦስተኛው የሕንፃውን ሙሉ ቢል ይዞ ከአየር ጠባዩ ጋር ያመዛዝናል፤ አራተኛው በኮምፒዩተር ሞዴል ይሠራል። ርካሹ መንገድ አንዳንዱን ነገር ከመለካት ይልቅ በስምምነት ይወስዳል፤ ለምሳሌ መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል የሚለውን። ክርክሩ የሚበዛውም እዚያ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ኩባንያዎች ካስመዘገቡት ቁጠባ የተወሰነው ሕንፃው ተዘግቶ ወይም መሣሪያው ተነቅሎ እያለ ጭምር እንደተገኘ ይቆጠር እንደነበር አሳይቷል። ለኢስኮዎቹ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሕንፃውን የዘጋው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው፤ በውሉም ያ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። የቢሮው ትችትም ይበልጥ ያነጣጠረው ቁጥሩን በወጉ ባልተከታተሉት መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው።

በሌሎች አገሮች

በርሊን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሕዝብ ሕንፃዎቿን በቡድን በቡድን አስራ ለኢስኮዎች ታቀርባለች፤ ትርፍ የሌለው ትንሽ መዋለ ሕፃናት ብዙ ከሚያባክን ትልቅ ትምህርት ቤት ጋር አንድ ላይ ይሄዳል። ብልህ ዘዴ ነው። በዚህ መንገድ ከ1,300 በላይ ሕንፃዎች ታድሰው፣ ሩብ ያህል ወጪያቸው ቀንሷል። ቻይና በ1998 በዓለም ባንክ ድጋፍ በሦስት የሙከራ ኩባንያዎች ጀምራ ዛሬ በገበያው ግዝፈት ቀዳሚ ሆናለች። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዱባይ የመንግሥቱ የመብራትና ውሃ ድርጅት በ2013 ኢትሃድ ኢስኮን አቋቁሞ እስከ 2030 ድረስ 30 ሺህ ሕንፃዎችን የማደስ ግብ ይዟል፤ እዚያ ጉዳዩ ሁሉ ማቀዝቀዣ ነው።

በኢትዮጵያ

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባን ለኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ ሥራው ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ለረጅም ጊዜ እንቅፋት የሆነው የመብራት ርካሽነት ነው። ኪሎዋት ሰዓቱ በሳንቲም ይታሰብ በነበረበት ጊዜ 5 ሚሊዮን ብር ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማስላት ተስፋ ያስቆርጥ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በተለያየ ጊዜ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመሆኑ ስሌቱ እየተለወጠ ነው። ለሆቴሎች፣ ለሆስፒታሎችና ለባንክ ሕንፃዎች ነገሩን እንደገና ማየት ተገቢ ይመስላል።

ለአዲስ አበባ ሕንፃ ውል የሚያዘጋጅ ሰው ግን ከኒው ዮርክ የማይቀዳው አንድ ነገር አለ። የመብራት ቢሉ ሒሳብ ክፍል ነው፤ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ደግሞ በጥበቃው ወይም በጥገና ኃላፊው ደብተር ላይ በሊትር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ደምሮ መነሻውን ያላወጣ ሰው፣ መብራት የጠፋበትን ወር ሁሉ «ቁጠባ» ብሎ ለኢስኮው ሲከፍል ይኖራል።